ከግድግዳው ወዲያ

የኪራይ ቤቴ ጠባብ፣ አራት እርምጃ በሦስት፤
አልጋ፣ ባልዲ፣ ቡታጋዝ፣ አንድ የተሰነጠቀ መስኮት፤
ከሄርማታ ቁልቁል፣ አዌቱ ሲሞላ ድምፁ የሚደርስበት።

እዚህ ውስጥ ሁለት ሣጥን አቆምኩ፣
ተማም አናጢው ከዋንዛ የጠረበልኝ፣
«ወንበር ይሻልህ ነበር» እያለ የሳቀብኝ።
አንዱን ከመስኮቱ ሥር፣ አንዱን ከበሩ ጎን፣
በሲባጎ ለክቼ፣ እኔን መሐል አድርጌ፣
የአልጋዬን እግር አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጌ
ቴፑን ስከፍተው

ድምፁ ከሣጥኖቹ አይመጣም።
ከመሐል ነው፤ ምንም ከሌለበት፣
ያምናው ካላንደር ከተሰቀለበት።

ግድግዳው ይሸሻል።
ከጭቃው ወዲያ አዳራሽ ይከፈታል፣
ወለሉ ሳንቃ፣ ሲረግጡት የሚያቃስት፤
ክላርኔቱ በስተግራ፣ በበሩ በኩል፣ ራቅ ብሎ፤
ባሱ ከኋላ፣ ጥጉን ተደግፎ፤
ድራም መቺው ደጅ እንደሚጠርግ ሰው፣ ሽው፣ ሽው።
ዘፋኟ ገና አልጀመረችም።
ትንፋሽ ስትስብ ግን ሰማኋት፤
ያቺ ትንፋሽ ባትኖር ዘፈኑን ምን ላድርገው?

ችግሩ ይኸው ነው።
መግቢያው ሹክሹክታ ነው፤ ለእሱ ብዬ ከፍ ሳደርገው
ጡሩምባው ይነሳል፣ ደረቴን አልፎ ማገሩን ሲነቀንቀው
አዴ መኪያ ከወዲያ፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ ዷ! ዷ!
«ኧረ ጎረቤት አለ!»
ለጡሩምባው ብዬ ዝቅ ካደረግሁ
ትንፋሿ ይጠፋል፣ ክላርኔቱ ትንኝ ያክላል።
ታናሹን ስትሻ ታላቁ ያስደበድብሃል፤
ታላቁን ስታስታግሥ ታናሹ ይቀርብሃል።

ይህም ዝናብ ከሌለ ነው።
ጅማ ላይ «ዝናብ ከሌለ» ማለት
እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው፤ ይደርሳል፣ አልፎ አልፎ።
ከሰኔ ወዲህ ቆርቆሮው የራሱን ይመታል፤
ሲጀምርም ሲጨርስም አንድ ልክ፣
ዝቅ ማለት ያልፈጠረበት።

የአዴ መኪያ ልጅ ልጅ፣ ሙአዝ፣ አዘነልኝ፤
«ያው ዘፈን ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ ስልኬ ላይ አለ» አለኝ።
ሰማሁት። እውነትም ጸድቷል።
ሳንቃው አያቃስትም፤ ትንፋሿ ተቆርጧል።
ክላርኔቱም ባሱም ጡሩምባውም
ሁሉም ከፊት፣ እንደ መናኸሪያ ረዳት፣
«አጋሮ! አጋሮ! ሊሙ!» እኩል ይጮሃሉ።
ማንም ከማንም አይርቅም፤
ማንም ለማንም ዝም አይልም።
ዝናቡን ያሸንፋል፤ እሱስ ያሸንፋል።
ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ሌሊት፣ በነሐሴ፣ መብራት ሄዶ መጣ፤
ዝናቡም ስሙን እንደጠሩት ሰው ድንገት ዝም አለ።
ቴፑ ሳይጠፋ ኖሮ ካቆመበት ቀጠለ፤
ጡሩምባው ላይ ነበር።
አዴ መኪያ ሻሻቸውን እያሰሩ በሬን ገፍተው ገቡ፣
መጥረጊያው በእጃቸው።
«አንተ ሰው...» ሲሉ
ጡሩምባው ወረደ፣ ሹክሹክታው ተመለሰ፣
እሳቸውም አፋቸውን ሳይገጥሙ
አልጋው ጫፍ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ተቀመጡ።

«ይሄ የሚነፋው ሰውዬ
ለምን በር ላይ ቆመ? ግባ የሚለው አጣ?
ያ ደግሞ ማነው፣ ከወዲያ ጥግ የሚያስለው?»
(አሥር ዓመት ሰምቼው፣
ሳል እንዳለው አላውቅም ነበር።)
ቆዩ። ቆዩና መጥረጊያውን ወደ ካላንደሩ ዘረጉ።
«ከዚያ ወዲያ እኮ የኔ ጓዳ ነው።
እኔ እዚያ ነው የምተኛው።
ይህን ሁሉ ሰው የት አስገባኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ቡታጋዙን ለኮስኩ፤ ሻይ ይጠጡ እንደሆን እንኳ ሳልጠይቅ።

ትናንት ማታ ግድግዳው ተንኳኳ፤
በእንጨት አይደለም፣ በጣት።
ቀንስ የተባልኩ መስሎኝ ወደ ቴፑ ተነሳሁ፤
ቴፑን ግን አልከፈትኩትም ነበር።
ጆሮዬን ጭቃው ላይ ብለጥፍ
ድምፃቸው ከስንዝር፣ ከዚያው ከአዳራሹ መሐል፣
«ቆሟል እኮ ዝናቡ» አሉኝ፤
«ምን ትጠብቃለህ?»